ባለ ስምንት አንቴናው ጎረቤት

ጎረቤት ማለት የአንተ ግድግዳ ሲያልቅ የእሱ የሚጀምርለት ሰው ነው። በኮንዶሚኒየም ግን ግድግዳው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያልቅም የሚጀምርም የለም፤ አንተ ሚስማር ስትመታ የእሱ ሥዕል ይወድቃል። ስለዚህ ጎረቤት ማለት፣ ተስተካክሎ ሲነገር፣ ሚስማርህ በየት በኩል እንደወጣ ከአንተ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጡረታ የወጡት መምህር አሥራደ ይህን ትርጉም የሰጡት ስለ ጎረቤት ለጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጠያቂው ልሳነወርቅ የሚባል ድሮ ያስተማሩት፣ አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሆነ ሰው ነው። የጠየቀውም ስለ ሥራው ነበር።

«ጋሼ፣ ምክትል አልበረክት አለኝ። የመጀመሪያዋ፣ ትርሲት፣ ጎበዝ ነበረች፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ዝም አለች። ሁለተኛው ከእሷ የበለጠ የተማረ ነው፤ እሱም ዝም አለ። መምህራኑ አይሰሟቸውም፣ ተማሪው መልካቸውን እንኳ አያውቅም። ያጎደልኩባቸው ነገር የለም። ከቢሮዬ በስተጀርባ ያለውን ጥሩውን ክፍል ሰጠኋቸው፣ ምንጣፍ አስነጠፍኩ፣ በእኔ በኩል ሳያልፍ ማንም እንዳያስቸግራቸው አዘዝኩ። አሁን ሦስተኛ ልሾም ነው። የአመልካቾቹን ማስረጃ ይዤ መጥቻለሁ። የቱ ይሻለኛል?»

«ትርሲትስ የት ገባች?»

ልሳነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቢሮ ወሬ እያወጣች መምህራኑን ከእኔ ለየችብኝ። በስብሰባ መሐል ተናገርኳት። አሁን ወደ ክፍል ተመልሳ ታስተምራለች።»

«ወሬ ስታወጣ ሰምተሃታል?»

«ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ጋሼ?»

መምህር አሥራደ ማስረጃዎቹን ተቀበሉና ሳያነቡ ጉልበታቸው ላይ አኖሯቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። የጎረቤትን ትርጉም የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። ልሳነወርቅ ግራ ገብቶት ሲያያቸው እንዲህ ብለው ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ማወዳደር ነው። በመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ የቴክኒክ ገምጋሚ ነበር። ወንበር ይገዛ ሲባል የወንበሩን እግር፣ ጄኔሬተር ይገዛ ሲባል የጄኔሬተሩን ሆድ ዕቃ የሚመረምረው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦ አይበላም፣ ሐሜት አይወድም፣ ያልገባውን ገባኝ አይልም። አንድ ዐመል ብቻ ነበረችው፤ ሥራውን ቤት ይዞ ይመጣል። ጉሊት ወርዶ ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ የአንዷን ሻጭ ከሌላዋ ሳያመዛዝን እጁ ኪሱ አይገባም። ባለቤቱ፣ «ሰውዬ፣ ሴትየዋ ለጨረታ አልቀረበችም፤ ሽንኩርት ልትሸጥ ነው የመጣችው» እያለች ስትለምነው ኖራ፣ በመጨረሻ ብቻዋን መሄድ ጀመረች።

ይህ ሰው ቤቱ ኢንተርኔት ሲያስገባ ከመስመሩ ጋር አንዲት ትንሽ ነጭ ራውተር ሰጡት። በሽቦ የመጣውን ኢንተርኔት ያለ ሽቦ ለቤቱ ሁሉ የምታድለው ሳጥን ማለት ናት። በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሬት ከተተከለባት ጣሳ አጠገብ አስቀመጧት። እዚያው ተቀምጣ ሥራዋን ሠራች። ማንም አላመሰገናትም፣ ማንም አልወቀሳትም።

ቤታቸው በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ግድግዳ የሚጋሩት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፤ ከእትዬ ብርነሽ ጋር። እትዬ ብርነሽ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ሥራ ሲሄዱ ቁልፍ የሚተዉት እሷ ዘንድ ነው። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ እነሱ ቤት ባይኖሩም ገብታ በርሜላቸውን ትሞላለች። የሰፋችውን ቀሚስ በስልኳ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ለደንበኞቿ እንደምትልክ ባለቤቱ ታውቅ ነበርና አንድ ቀን የዋይፋዩን ፓስወርድ ነገረቻት። ሰውዬውም አልተቃወመም። እንዲያውም፣ «በርሜል ሙሉ ውኃ ለምትሰጥ ሰው ይህ ምን አላት» ብሎ ነበር። ይህን ማለቱን ልብ በልልኝ፤ በኋላ እሱ ራሱ ረስቶታል።

እትዬ ብርነሽ ባዶ እጇን የምትቀር ሴት አልነበረችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለራውተሯ በልኳ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ይዛ መጣች። ለአንቴናዋ ማውጫ እንኳ ቀዳዳ ትታለታለች። «አቧራ እንዳይበላት ብዬ ነው» አለች። ባለቤቱ ሳቀች፤ ሰውዬውም ሳቀ፤ አለበሷትም።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ባልደረባው አዲስ ራውተር ገዝቶ መጣና በምሳ ሰዓት ሌላ ወሬ ጠፋ። ሰውዬው ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ነጯን ሳጥን ሲያያት ዐይኑ ውስጥ አነሰችበት። ማወዳደር ጀመረ። አንዱ ራውተር ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነው፤ ብዙ ስልክ ባንዴ ሲጠይቀው አይደናገርም። ሌላው ሜሞሪው ሰፊ ነው፤ የጀመረውን አይረሳም። ሌላው ደግሞ በሁለት ሞገድ ይሠራል፤ አንደኛው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል ግን ይንቀራፈፋል፣ ሁለተኛው ይፈጥናል ግን ግድግዳ ይፈራል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠ፤ ደመረ፤ ተጠራጠረና እንደገና ደመረ። እራት እየቀረበ ይቀዘቅዝ ነበር። ባለቤቱ፣ «ለመሆኑ ያቺ ምን አደረገችህ?» ብትለው፣ «ምንም አላደረገችኝም፤ ጥፋቷም እሱ ነው» አላት።

ያሸነፈው ባለ አራት አንቴና ጥቁር ራውተር ነበር። ሳይዋሽ፣ ሳያዳላ ነው የመረጠው፤ በእርግጥም ጥሩ ዕቃ ነው። ሲከፍተው ያብረቀርቃል። ሰውዬው ወደ መስኮቱ ደፍ ይዞት ሄደና የሬቷን ጣሳ አይቶ ቆመ። «እንዲህ ያለ ዕቃ እዚህ አይጣልም» አለ።

ክቡር ዕቃ በእኛ አገር የት እንደሚቀመጥ አንተም ታውቃለህ። ቡፌ ውስጥ ነው። ቡፌ ማለት የማንበላበትን ሳህን ለማይበላበት እንግዳ የምናሳይበት የመስታወት ቤት ነው። ሰውዬው መሐለኛውን መደርደሪያ አስለቀቀ። ከኋላው ከዳር እስከ ዳር መስታወት አለ። ከግራና ከቀኙ የብረት ድስቶች ተደራርበዋል። ከፊቱ ደግሞ ለሠርጋቸው የተሰጡት ሁለት ትልልቅ የብረት ትሪዎች በቁመታቸው ቆመዋል፤ እነሱ ከቦታቸው እንዳይነኩ ባለቤቱ አስጠንቅቃለች። መደርደሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ አራቱ አንቴናዎች አልቆም አሉ። እንደ ፌንጣ እግር አጥፎ አስተኛቸው። ዳንቴሉን አለበሰው። ባለቤቱ ቡፌውን ቆለፈችና ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ዋይፋዩ ሞተ ማለት ይቻላል።

ሰውዬው ስልኩ ላይ የፍጥነት መለኪያ ጫነ፤ እንደ መኪና ያለ መርፌ አለችው። መኝታ ቤት ገብቶ ቢለካ መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ተኛች። ሳሎን ቢለካ ትንሽ ተነስታ ተኛች። እዚህ ላይ ሰውዬው ቁጭ ብሎ አሰበ፤ ማሰብ ይችልበታል። ዕቃው ግምገማውን አልፏል። ግምገማውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እኔ አላዳላሁም። ስለዚህ ጥፋቱ ከዕቃው አይደለም። ከዕቃው ካልሆነ ከተጠቃሚ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ባለቤቴ ነን። እንግዲህ የቀረው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ነው።

አየህ፣ ደረጃው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንዱ ብቻ ጎድሏል። የጎደለው ደግሞ እሱ ራሱ በእጁ ያስቀመጠበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀየረ። ለእትዬ ብርነሽም በሩ ላይ ቆሞ ነገራት፤ «ለጊዜው ነው፣ ምርመራ ላይ ስለሆንኩ።» እሷም፣ «ምን ከፋኝ፣ የራስህ አይደል» አለችው። መርፌዋ ግን አልተነሳችም። ሌላ ሰው ቢሆን እንግዲያ ጎረቤቴ አይደለችም ይል ነበር። እሱ፣ አዲሱንም አግኝታዋለች አለ። ዳንቴሉን ገልጦ ራውተሩን ቢነካው ይፋጃል። «ይኸው፣ ሥራ በዝቶበት ነው! ማን ነው እንዲህ የሚያሠራው?» አለ። ባለቤቱ፣ «በዚህ ሁሉ ልብስ ውስጥ አንተም ብትሆን ይሞቅሃል» አለችው፤ የሴት ቀልድ ነው ብሎ አለፈው።

ቀጥሎ ባለ ስምንት አንቴናውን ገዛ። ከዚህ በላይ ለቤት የሚሠራ የለም ነበር። ማዕረጉ ከፍ ስላለ እሱንም ከዚያው ከቡፌው ሌላ ቦታ አላሰበለትም። ስምንቱን አንቴና አጣጥፎ፣ ከትሪዎቹ በስተኋላ፣ ከመስታወቱ ፊት፣ ከድስቶቹ መሐል አስተኛው። ዳንቴሉ ለዚህኛው አልበቃም። ሰውዬው ዳንቴሉን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ባለቤቱን ሳያማክር አጠበው፣ ተኮሰው፣ በፌስታል አድርጎ የእትዬ ብርነሽ በር እጀታ ላይ አንጠለጠለው። አላንኳኳም። በርሜሉ ያን ሰሞን ሳይሞላ ቀረ፤ እሱም ይህን እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ያዘው።

በዚያ ሳምንት እሑድ የብሎኩ ነዋሪዎች ስለ ውኃ ፓምፑ ሊመክሩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁሉም የየራሱን ፕላስቲክ ወንበር ይዞ ወርዷል። የፓምፑ ነገር ሲያልቅ ሰውዬው እጁን አነሳ።

«የፓምፑን ካነሳን አይቀር፣ የመስመር ነገርም አለ» አለ። «ከፍሎ የሚጠቀም አለ፤ ሳይከፍል በግድግዳ የሚመጠምጥም አለ። ስም አልጠራም።»

ስም መጥራት አላስፈለገውም፤ ግድግዳው የአንድ ሰው ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ እትዬ ብርነሽን አየ። እሷም ዙሪያዋን አየች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ነበር። ከዚያ ተነሳች፤ ወንበሯን አንስታ ብብቷ ሥር አደረገችና ደረጃውን ወጣች። ሰውዬው በልቡ፣ ንጹሕ ብትሆን ትመልስ ነበር አለ።

ልብስ ሰፊ በምን እንደሚኖር ታውቃለህ። ጨርቅ በአደራ ተቀብሎ ነው። ሰው ሙሉ ጨርቁን ያስረክባታል፣ ተቆርጦ የሚተርፈውን ግን አይጠይቃትም፤ ያምናታላ። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ደንበኞቿ ቀሚሳቸውን ሲረከቡ፣ «ቁራጩስ የታለ?» ማለት ጀመሩ። አንዳንዷም ጨርቁን በክንዷ ለክታ ሰጠቻት። አንዳንዷ ጭራሽ ጨርቁን ይዛ ወደ ሌላ ሄደች። የእትዬ ብርነሽ የስፌት መኪና ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይሰማ ነበር፤ ቀስ በቀስ ዝም ማለት ጀመረ። ሰውዬው ጸጥታውን ሰምቶ፣ አሁን ሥራዋን ትታ ስልኳ ላይ ናት አለ።

ነገሩ ያሳዘናቸው ሁለት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተነሱ። አንደኛው ሻምበል ናቸው፤ ጦር ቤት ያረጁ፣ ምላሳቸው የማያረጅ ሰው። ሁለተኛው ዝምተኛ ናቸው፤ የመጡት ሻምበል ብቻቸውን እንዳይመጡ ነው። እትዬ ብርነሽን ይዘው ከሰዓት በኋላ የሰውዬውን በር አንኳኩ። ሰውዬው ደስ አለው። ማስረጃውን የሚያቀርብበት ሸንጎ አገኘ።

«ዐረፍ በሉ» አለ። እትዬ ብርነሽ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኛ ልንፈርድ አልመጣንም» አሉ ሻምበል። «ጎረቤትና ጥርስ አንድ ነው፤ ሲነቀል ነው ቦታው የሚታወቀው። ነገሩን ተዉትና ታረቁ ልንላችሁ ነው።»

«እኔም ዕርቅ አልጠላሁም ሻምበል። ግን እውነቱ ይቅደም።» ስልኩን አውጥቶ መለኪያውን ከፈተና በሻምበል እጅ ላይ አስቀመጠው። «ይህች መርፌ የቤቴን ፍጥነት ነው የምትናገረው። እዩአት፣ ሙት ናት። ይህ ራውተር ስምንት አንቴና አለው፣ ፕሮሰሰሩ የዘንድሮ ነው፣ በገበያው ውስጥ የሚወዳደረው የለም። ታዲያ የቀረው ፍጥነት የት ገባ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? የእኔ የራሴ ጉልበት የት እንደገባ አላውቅ» አሉ ሻምበል። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ብርነሽ፣ እስቲ አንቺ ተናገሪ። ከዚህ ሰው መስመር ትጠቀሚያለሽ?»

«የከሰሰኝ ይንገራችሁ» አለች። «እኔ ምን አውቄ።»

«ይኸው፣ አልካደችም» አለ ሰውዬው።

በዚህ መሐል ባለቤቱ ለስላሳ ይዛ ገባች። እንግዳ ያውም ሽማግሌ መጥቶ ጠርሙስ በእጅ አይሰጥም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ቡፌውን ከፈተች፣ የሠርጓን ትሪዎች አንዱንም ሌላውንም አወጣች፤ በአንዱ ብርጭቆ፣ በሌላው ጠርሙስ ልትደረድር። የቡፌው በር እንደተከፈተ ቀረ።

«ኧረ!» አሉ ሻምበል። «ይህች ነገር ተነሳች!»

ሰውዬው ስልኩን ነጠቃቸው ማለት ይቀላል። መርፌዋ ዘልላ ከወዲያኛው ጥግ ደርሳ ቆማለች። እንዲህ አይቷት አያውቅም። ደም ፊቱ ላይ ወጣ፤ ደስታ ነበር። ጣቱን ወደ በሩ ዘረጋ።

«አያችሁ! አሁን ስልኳን ዘጋች! ገና ስትፈራ!»

እትዬ ብርነሽ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች፤ ባዶ ነበሩ። «የቱን ስልክ?» አለች።

«ስልክሽን ነዋ።»

«ስልኬ እኮ ወድቆ ከተሰበረ ሰነበተ። ያኔ ፓስወርዱን ቀየርኩ ብለህ ስትነግረኝም ስልክ አልነበረኝም።»

ባለቤቱ ከሽማግሌዎቹ ፊት አንዱን ትሪ ባዶ አድርጋ ወደ ቡፌው መለሰችው፤ ሌላውንም ከጎኑ አቆመችው። ሰውዬው ስልኩን እያየ ነበር። መርፌዋ በዝግታ፣ የደከመው ሰው እንደሚተኛ፣ ተኛች።

ሻምበልም አንገታቸውን አስግገው አዩ። «እሙዬ፣ እስቲ ያን ትሪ መልሰሽ አውጪው» አሉ። አወጣችው፤ መርፌዋ ተነሳች። «እስቲ አስገቢው።» አስገባችው፤ ተኛች። ሻምበል ለስላሳቸውን አንስተው ተጎነጩና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«በሉ እንግዲህ፣ ሌባው ተያዘ» አሉ። «ትሪ ነው።»

ዝምተኛው ሽማግሌ ሊስቁ ጀምረው ከለስላሳው ጋር መልሰው ዋጡት። ሌላ የሳቀ የለም።

ሰውዬው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበረ። መርፌዋን ከማየት በቀር ዐይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ግቢው ውስጥ እጁን ሲያነሳ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲያዞር፣ ሴትየዋ ደግሞ ከኋላዋ ሌላ ሰው ስትፈልግ ታየው። በፌስታል ያንጠለጠለው ዳንቴል ታየው። አጥቦ መተኮሱ ያን ጊዜ ጨዋነት መስሎት ነበር። ካፈረበት ሁሉ የባሰበት ግን አሁን፣ እዚሁ፣ መርፌዋ በተነሳችበት ቅጽበት ጣቱን መዘርጋቱ ነው። ዕድል ተሰጥቶት ነበርና።

«አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ስልክ የለኝም ብትይ ምን ነበረ?» አሏት ሻምበል።

«ሌባ አይደለሁም ለማለት የስልክ መግዣ የለኝም ልበል ሻምበል?» አለች። «በአንዱ ስም ላይ ሌላ ልጨምርበት?»

ሰውዬው ተነስቶ እግሯ ሥር ሊወድቅ ጎነበሰ። ትከሻውን ይዛ አስቆመችው። «ተው፣ ተው ወንድሜ፣ ይቅር ብያለሁ። ለሁላችንም ይቅር ይበለን።» ፈጥና ነው ያለችው፤ ከአፏም ከልቧም ነው። ቢሆንም አልቀለለውም። ብታስለምነው፣ ጥቂት ብትሰድበው፣ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር።

«ፓስወርዱን ልስጥሽ» አለ። ምን እያለ እንደሆነ የገባው ከተናገረው በኋላ ነው። ሻምበል ኮርኒሱን አዩ።

ከዚያ ሌላ ነገር ፈለገ። «እሺ፣ እንግዲያው ዳንቴሉን መልሽልኝ። ያንን ዳንቴል።»

«ተርትሬዋለሁ እኮ» አለች እትዬ ብርነሽ። ክፋት አልነበረበትም ድምፅዋ፤ ስለ ሥራዋ ነው የምታወራው። «ክር አይጣልም። ለአራስ ልጅ ኮፍያ ሆኗል፤ ወስደውታል።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ።

መምህር አሥራደ እዚህ ላይ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ጉልበታቸው ላይ የነበሩትን ማስረጃዎች አስተካክለው ለልሳነወርቅ ዘረጉለት።

«እንግዲህ አንተ፣ ባለ አራት አንቴናዋን አምጥተህ ነበር» አሉት። «ቀጥለህ ባለ ስምንቱን አመጣህ። አሁን ከዚያም የሚበልጥ ልትገዛ ነው የመጣኸው፤ ከእነዚህ ውስጥ የቱ እንደሚሻል ነው የምትጠይቀኝ። ሁሉም ጥሩዎች ይሆናሉ። ክፍሉ ግን ያው ክፍል ነው። ክፍል ያልከው ቡፌ ነው፣ ምንጣፉም ዳንቴል ነው። አክብረህ ቆለፍክባቸውና መምህሩም ተማሪውም እንዳይደርስባቸው አደረግህ፤ ከዚያ ለምን አይሰሙም ብለህ ለካህ። በእኔ በኩል ሳያልፍ ማንም አይድረስባቸው ያልከው ትእዛዝ ደግሞ፣ ከፊት የቆመው ትሪ ነው። ትሪው አንተ ነህ ልጄ።»

ልሳነወርቅ ማስረጃዎቹን ተቀበለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ስብሰባው ላይ የትርሲትን ስም ባይጠራም፣ ምክትል የነበረው ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ አሁን ትዝ አለው። ተናግሮ ሲያበቃ ትርሲት እንዴት ዝም እንዳለች፣ እሱም ያን ዝምታ እንዴት እንደተረጎመው ትዝ አለው። ማስረጃዎቹን ጠቅልሎ ኪሱ ሊያስገባቸው ሞከረ፤ አልገቡም።

«ዛሬውኑ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቃትስ ጋሼ?»

«ጠይቃት። ያደረግኸው በስብሰባ ነውና አንተም በስብሰባ ጠይቃት። ይቅር ትልሃለች፤ ትርሲትን አስተምሬያታለሁ፣ አውቃታለሁ። የተተረተረውን ክር ግን ምን እንዳደረገችው እሷን ጠይቃት እንጂ እኔን አትጠይቀኝ።»

ልሳነወርቅ ተነሳ። በሩ ዘንድ ሲደርስ መውጣት አቅቶት ዞረ።

«ሰውዬውስ ጋሼ? መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ራውተሩን አውጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሬቷ አጠገብ አስቀመጠው» አሉ መምህር አሥራደ። «ስምንቱም አንቴና ቆሟል። ከብሎኩ ሁሉ የእሱን የሚያህል ፍጥነት የለም። ፓስወርዱን በትልልቁ ጽፎ ከውጭ በሩ ላይ ለጥፎታል። እስካሁን የተጠቀመበት ሰው የለም።»